የዘውገ መስኮት

ልጀምር ነው። የሚሰማ ይቅረብ፤ ሥራ የያዘም ሥራውን እየሠራ ይስማኝ። አንዲት መስኮት ነበረች። ነበረች ስላችሁ ተከፍታ አይደለም፤ ግድግዳ ላይ በእርሳስ ተሥላ ነበር። ባለቤቴ ዘውገ አልጋው ላይ ተኝቶ፣ ወደ ግራ፣ ትንሽ ከፍ፣ አይ አሁን በዛ እያለ አዘዘኝ፤ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ሣልኳት። አራት መስመር ናት። ከአራቱ መስመር በኋላ የሆነውን፣ እሱ መስማት በሚወደው ዓይነት፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ።

ዘውገ ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ለሰው ማመልከቻና ውል ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ባለፈው ጥቅምት ሳንባውን ታመመና አልጋ ያዘ። ሐኪሙ ንፋስ እንዳይነካው ስላስጠነቀቀን ደጅ ማውጣት አልቻልኩም። የሳሎናችን መስኮት ከጎረቤት ቤት ጋር የተፋጠጠ ስለሆነ ፀሐይ አያውቅም። ከተማችን ብርዳም ናት፤ ኅዳር ላይ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ በረዶ ያበቅላል። ዘውገ የተኛባት ክፍል ምሥራቃዊ ግድግዳዋ ወደ መንገድ ነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያንን ግድግዳ ከውጭ በኩል እስኪሞቅ ድረስ ትመታዋለች፤ ከውስጥ ግን ጨለማ ነው። ቤቱን የሸጠልን ሰው እዚያ ክፍል እህል ያስቀምጥ ስለነበር መስኮት አላወጣላትም።

«ጠዋት ፊቴን ትንሽ ብትነካኝ ይበቃኛል» አለኝ ዘውገ። ሌላ ምንም አልጠየቀም። በአርባ አንድ ዓመት ትዳራችን ይህን ያህል ትንሽ ነገር ለምኖኝ አያውቅም።

ፀሐይዋ ግን አልገባም አለች። ለምን ቢሏት፣ ግድግዳው አልከፈትም አለኝ አለች።

ግንበኛውን ሙሄን ጠራሁት። ሙሄ መጥቶ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፤ ጭቃ ነው፣ ከቁርስ እስከ ምሳ አይፈጅብኝም አለ። ከዚያ ወጥቶ መንገዱን አየና መዶሻውን መልሶ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። በመንገድ በኩል ያለ ግድግዳ ያለ ማዘጋጃ ቤት ፈቃድ አይነካም አለ። ለበሽተኛ ነው እኮ ብዬ ለመንኩት።

«እትዬ ተዋበች» አለኝ፣ «እኔ ግድግዳውን ባፈርስ፣ ደንብ አስከባሪዎች እኔን ያፈርሱኛል።»

ራሴ መዶሻ ላነሳ ነበር። ዘውገ ከአልጋው ሆኖ ሰምቶ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። የአገሩን ሰው ሁሉ ማመልከቻ ጽፌ፣ መጨረሻዬ በሕገወጥ መስኮት መከሰስ ይሁን ወይ አለ። ከዚያ ከመጀመሪያው ንገሪኝ አለኝ፤ ነገሩ ጨዋታ ሆኖለት ነበር። ነገርኩት፦ ፀሐይዋ አልገባም አለች፣ ግድግዳው አልከፈትም አለ፣ ሙሄ አላፈርስም አለ።

በማግሥቱ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። መሐንዲሱ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ወጣት ነው፤ ቁጡ አይደለም። መስኮቷ ምን ያህል ትሆናለች ብሎ ጠየቀኝ፤ በክንዴ ለክቼ አሳየሁት። ቤቱ የማን ነው አለኝ። የእኛ ነው አልኩት። ካርታውስ በማን ስም ነው አለኝ። ገና በሻጩ ስም ነው አልኩት። ፈቃድ የሚሰጠው ካርታው ላይ ስሙ ላለ ሰው ነው፣ እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ ብሎ ከወንበሩ ተነስቶ ሸኘኝ።

ዘውገ ጠበቀኝ። ከመጀመሪያው ንገሪኝ አለ። ነገርኩት፦ ፀሐይዋ አልገባም አለች፣ ግድግዳው አልከፈትም አለ፣ ሙሄ አላፈርስም አለ፣ መሐንዲሱ አልፈቅድም አለ። ጣቶቹን እየቆጠረ ሰማኝ፤ አራት አለ።

ካርታውን ላዞር ውላችንን ይዤ ተመለስኩ። የይዞታ ክፍሏ ሠራተኛ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። የሻጭ ስም አለ፣ የገዢ ስም አለ፣ የሦስት ምስክሮች ፊርማ አለ፤ ዋጋውም ያኔውኑ ተከፍሎ ማለቁ ተጽፏል። ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው። በውልና ማስረጃ ፊት ቀርባችሁ ያረጋገጣችሁበት ማኅተም የታለ አለችኝ። የሻጭ ሚስትስ ፊርማ የታለ አለችኝ።

«ጀመራችሁት እንጂ አልጨረሳችሁትም እኮ፣ እማማ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ለምን እንዳልጨረስነው ልንገራችሁ። ቤቱን የሸጠልን ወንድይራድ ነው፤ የግቢውን የፊት ቤት ለእኛ ሸጦ እሱ ከኋላው ቤት ቀረ። በራቸው ከበራችን ሰባት እርምጃ ነው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ውሉ በተጻፈበት ቀን፣ ሚስቱ አማከለች አራስ ነበረች። አራስ ቤት ወረቀት ይዞ መግባት ነውር መሰለንና ስትነሳ ትፈርማለች ተባለ። ክርስትናው ሲደርስ ዘውገ ወረቀቱን ደረት ኪሱ ውስጥ አድርጎ ሄደ፤ በልተን ጠጥተን፣ ወረቀቱም ከኪሱ ሳይወጣ ተመለሰ። እንዴት በክርስትና ቀን ሰው ፊርማ ይጠይቃል አለኝ። ፋሲካ መጣ፤ በፋሲካ እንዴት ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ መጠየቁ ራሱ አላመንናችሁም ማለት መሰለን። ለሰው ሁሉ፣ ውላችሁን ዛሬውኑ ወስዳችሁ አስመዝግቡ፣ ነገ አትበሉ እያለ ሲመክር የኖረ ሰው፣ የራሱን ውል ሳጥን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አስቀመጠው።

እናም ፀሐይዋ አልገባም አለች፣ ግድግዳው አልከፈትም አለ፣ ሙሄ አላፈርስም አለ፣ መሐንዲሱ አልፈቅድም አለ፣ ካርታው አልዞርም አለ።

ወንድይራድን መንገድ ላይ ጠብቄ ያዝኩት። ቆቡን አወለቀ፤ ጋሼ ዘውገ እንዴት አደሩ አለኝ። ጉዳዩን ስነግረው መሬት መሬት አየ። እኔ እጄን ቢቆርጡኝ አልክድም፣ ቤቱ የእናንተ ነው፤ ነገር ግን ንብረቱ የእኔና የአማከለች የጋራ ነው፣ ብቻዬን ብፈርም ፊርማዬ ዋጋ የለውም አለ። እሷን ያነጋግሯት አለኝ። አንተ አነጋግራት አልኩት። ቆቡን መልሶ አጠለቀ።

«ከእኔ አፍ አይሆንም፣ እትዬ» አለ። «ለምን እንደማይሆን እርስዎም ያውቁታል።»

አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን የማላውቅ መስዬ ወደ ቤት ገባሁና ለዘውገ ከመጀመሪያው ነገርኩት፦ ፀሐይዋ አልገባም አለች፣ ግድግዳው አልከፈትም አለ፣ ሙሄ አላፈርስም አለ፣ መሐንዲሱ አልፈቅድም አለ፣ ካርታው አልዞርም አለ፣ ወንድይራድ ብቻዬን አልፈርምም አለ። እንክሰሰው፤ ክሱን አንተ በቃል በለኝ፣ እኔ እጽፋለሁ አልኩት።

ዘውገ ጣራ ጣራውን አየ። «ፍርድ ቤቱ ሩቅ ነው» አለኝ። «ሰባት እርምጃው ይቀርብሻል።»

እኔ ወረቀትና ብዕር ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እያሳለው፣ እያረፈ፣ አንድም ቃል ሳያበላሽ ክሱን አስጻፈኝ። በሕይወቱ የጻፈው የመጨረሻ ማመልከቻ በገዛ ጎረቤቱ ላይ ሆነ። እኔ ነኝ እንዲያ ያደረግሁት።

ታኅሣሥ ላይ ተጠራን፤ በከሳሹ በዘውገ ፈንታ እኔ ቀረብኩ። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት፤ ውሉን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ወንድይራድ ፈርሜያለሁ፣ አልክድም አለ። አማከለች ስትጠየቅ ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ እኔ የሸጥኩት ቤት የለም ብላ መልሳ ተቀመጠች። ወደ እኔ ዞር ብላም አላየችኝ። ዳኛዋ፣ ያልተመዘገበና ሚስት ያልፈረመችበት ውል በሕግ ዓይን ረቂቅ ነው፣ በእሷ እጅ እኔ ልፈርም አልችልም አለች። ጎረቤቶች ናችሁ፣ ሄዳችሁ ጨርሱት ብላ ለጥር ቀጠረችን።

ደረጃው ላይ አማከለችን ደረስኩባት። የመስኮቷን ነገር፣ የዘውገን ፊት፣ የብርዱን ነገር ነገርኳት። ረጋ ብላ ሰማችኝ። አማከለች ባለጌ ሴት አይደለችም፤ ተጣልተን እንኳ አንቱ ማለቷን አልተወችም።

«ለጋሼ ዘውገ ቢሆን ዛሬውኑ እፈርም ነበር» አለችኝ። «ግን ያንን ግድግዳ እማዬ ጀርባዋን ስታሞቅበት ነው የኖረችው። ስትሞት ሰባት እርምጃ ላልተራመዱ ሰው፣ ያንን ግድግዳ ላስፈርስ አልፈርምም።»

ነጠላዋን አስተካክላ ወረደች።

ወደ ቤት ስገባ ዘውገ ትራሱን ደራርቦ ተቀምጦ ነበር። ከመጀመሪያው ንገሪኝ አለኝ። ጀመርኩ፦ ፀሐይዋ አልገባም አለች፣ ግድግዳው አልከፈትም አለ፣ ሙሄ አላፈርስም አለ፣ መሐንዲሱ አልፈቅድም አለ፣ ካርታው አልዞርም አለ፣ ወንድይራድ ብቻዬን አልፈርምም አለ፣ ዳኛዋ አላስገድድም አለች፣ አማከለች አልሸጥኩም አለች። እዚህ ቆምኩ።

«አማከለችስ ለምን?» አለኝ።

«እንዲሁ ነው» አልኩት። «ክፋት ነው።»

ጣቶቹን ቆጠረ። ስምንት ሆኑ። ዘጠነኛውን ጣቱን ይዞ ትንሽ ቆየና ለቀቀው። «አንዷን ዘለልሽ፣ ተዋቡ» አለኝ። ተዋቡ የሚለኝ ሲያዝንልኝ ነው።

የዘለልኳት ይህች ናት። ከሦስት ዓመት በፊት የአማከለች ዶሮ ጓሮዬ ገብታ የዘራሁትን ነጭ ሽንኩርት ጭራ ጨረሰችው። ዶሮሽን ያዢ አልኳት። እሷም ተናዳ ነበርና፣ በገዛ ግቢዬ ዶሮዬ የፈለገችውን ትጫር አለችኝ። በገዛ ግቢዬ ማለቷ አንገበገበኝ። ያልተፈረመች ወረቀታችን ሳጥን ውስጥ እንዳለች ታወሰችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተነጋገርንም። በዓመቱ እናቷ እማማ ስንዱ ሞተች። እማማ ስንዱ ጠዋት ጠዋት በመንገዱ በኩል ግድግዳችንን ተደግፋ ፀሐይ ስትሞቅ፣ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር መርቃኝ የምታሳልፈኝ ሴት ነበረች። ልቅሶው በግድግዳ በኩል ይሰማኝ ነበር። መጽሐፍ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ዘውገ ቃሬዛዋን ተሸክሞ ቀብሮ ሲመለስ ጫማው ላይ አፈር ነበረበት፤ አንቺም ሂጂ እንጂ አለኝ።

«የምትሄጂው ለእማማ ስንዱ ነው» አለኝ፤ «ለዶሮዋ አይደለም።»

ነገ አልኩት። ሠልስቱ አለፈ፤ አርባው አለፈ፤ ሙት ዓመቱም አለፈ። በቆየሁ ቁጥር መሄዱ ይበልጥ አሳፈረኝ። ልክ እንደ ወረቀቷ።

ያን የታኅሣሥ ቀንም፣ አንዷን ዘለልሽ ሲለኝ፣ ነገ እሄዳለሁ አልኩት። እሺ አለኝ። በነጋታው ብርድ ነበር፤ በሚቀጥለው ቀን ልብስ ማጠብ ነበረብኝ፤ በሚቀጥለውም አንድ ነገር ነበር፣ ምን እንደነበር ዛሬ አላስታውሰውም። በአራተኛው ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዘውገ ሞተ። ፊቱ በእርሳስ ወደተሣለችው መስኮት ነበር። ለሰው ልናገር ወደ መንገድ ስወጣ እንዳልወድቅ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ከውጭ በኩል ሞቆ ነበር።

ድንኳን ሳይተከል ቀድማ የደረሰችው አማከለች ናት። የእናቴን ቃሬዛ የተሸከምክ እያለች ስሙን ጠርታ አለቀሰች። ወንበር አሰባሰበች፣ ውሃ ቀዳች፣ ለቀስተኛ አስተናገደች፤ ሦስት ቀን ከአጠገቤ አልራቀችም። ስለ ቤትም ስለ ክስም ትንፍሽ አላለችም። እኔ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሳ፣ ጥቁሬን እንደለበስኩ ከፍራሹ ተነሳሁ። እህቴ ወዴት ነው አለችኝ፤ ልቅሶ ልደርስ ነው አልኳት። ጭንቅላቷ ተነካ ብላ ሳትፈራ አልቀረችም። እርምጃዎቹን ቆጠርኳቸው፤ ሰባት አልነበሩም፣ ስድስት ነበሩ። ዘውገ ነው ሰባት ያላቸው፤ የሱ ጉልበት ደክሞ ስለነበር ይሆናል።

አማከለች ሽሮ እየነፋች ነበር። በሯ ላይ ቆሜ፣ እማማ ስንዱን ላለቅስ ነው የመጣሁት አልኳት። ወንፊቱን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ልክ እናቷ ትናንት እንደሞተችባት ሁሉ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ዝቅተኛዋን ዱካ አቅርባልኝ ራሷ መሬት ተቀመጠች። ግድግዳውን ተደግፈሽ የመረቅሽኝ እያልኩ አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። የትኛውን ሬሳ እንደምናለቅስ ቆይቶ ጠፋን።

ዝም ስንል ፊቷን ጠረገች። «ለምን ዘገዩ፣ እትዬ?» አለችኝ።

«ስለ ዶሮ» አልኳት።

«ያቺ ዶሮ እኮ ያኔውኑ ለፋሲካ ታረደች» አለች። ሳቅ አመለጣት፤ እኔንም አመለጠኝ፤ ሁለታችንም አፋችንን በነጠላችን ያዝን። ስነሳ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ስለ ፊርማ አላነሳሁም፣ ዘውገ ከሌለ መስኮት ምን ያደርግልኛል ብዬ። እሷ ናት ያነሳችው።

«ወረቀቷን ያምጧት» አለችኝ። «ጋሼ ዘውገ ለሰው ሁሉ ሲመክሩ እሰማቸው ነበር። የሳቸው ውል ረቂቅ ሆኖ አይቅር።»

ከዚህ በኋላ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ሲፈታ አየሁት። እግሬ ስለሄደ አማከለች ፈረመች። አማከለች ስለፈረመች ወንድይራድ ፈረመ፤ ውልና ማስረጃው ክፍል ሲገባ ቆቡን ማውለቅ ረስቶ ሚስቱ አወለቀችለት። ሁለቱ ስለፈረሙ ዳኛዋ የወራሽነቴን ወረቀት ሰጥታኝ መዝገቡን ዘጋች፤ አስቀድማ ከሳሹ የታሉ ብላ ጠይቃኝ መልሱን ስትሰማ ብዕሯን አስቀመጠች። መዝገቡ ስለተዘጋ ካርታው ዞረ። ካርታው ስለዞረ መሐንዲሱ ፈቀደ፤ መስኮቷን እንደገና በክንዴ ለክቼ አሳየሁት። መሐንዲሱ ስለፈቀደ ሙሄ አፈረሰ፤ ከእርሳሱ መስመር አንድ ጣት እንኳ አልወጣም። ሙሄ ስላፈረሰ ግድግዳው ተከፈተ። ግድግዳው ስለተከፈተ ፀሐይዋ ገባች።

ሁሉም እዚያው ነበሩ። ማንም ክፉ አልነበረም። የሚጠብቁት የእኔን ስድስት እርምጃ ብቻ ነበር።

ፀሐይዋ ግን ትራሱ ላይ አላረፈችም፤ ከአልጋው አጠገብ ባለው ባዶ ወለል ላይ ወደቀች። ሙሄ መስኮቷን ተሳስቶ ያወጣት መስሎት ደነገጠ። አንተ አልተሳሳትክም አልኩት። ዘውገ የለካት ለኅዳር ፀሐይ ነው፤ እኔ ያደረስኳት መጋቢት ላይ ነው።

አሁን ጠዋት ጠዋት ወንበሬን ከአልጋው አጠገብ አድርጌ እቀመጣለሁ። ብርሃኗ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ትሄዳለች። ትናንት ከአማከለች ዶሮዎች አንዷ፣ የዚያች የነጭ ሽንኩርቷ የልጅ ልጅ ሳትሆን አትቀርም፣ መስኮቷ ላይ ወጥታ ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ስትሞቅ ቆየች። አላባረርኳትም።

ይኸው ከመጀመሪያው ነገርኩ፣ አንድም አልዘለልኩም፤ የሰማ ለጎረቤቱ ይንገር፣ ጎረቤቱ ጋ መሄጃ ያጣ በዚህ ያመካኝ። እኔ ኅዳርን እጠብቃለሁ። ኅዳር ላይ ትራሱ ጋ ትደርሳለች። ትራሱን አላነሳሁትም።